«አልቋል» ስትል አጨብጭቡ

«እንደገና!» አለ ቲቸር፣ በእጁ የያዛትን ቁራጭ ጠመኔ ወደ ላይ አንስቶ። «ንባብሽ አንደኛ ነው። እዚህች ጋ ብቻ ትንሸራተቻለሽ። ‹እጥረቱ አልቋል› የምትለዋ ላይ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊና ቆም ትያለሽ። ጭብጨባው የሚመጣው እዚያ ላይ ነው።»

ራዲዮ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠች። ወረቀቱም አፈጠጠባት።

እውነተኛ ስሟ ራዲዮ አይደለም፤ እናቷ እንዲህ ያለ ነገር አትሠራም። ስሙን የሰጣት ሰፈሩ ነው፣ ከአፏ ወሬ ስለማይነጥፍ። ስምንተኛ ክፍል ገብታ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ማይክ ስትጨብጥ ደግሞ ስሙ ጸደቀ። በዕረፍት ሰዓት የጠፋ ጃኬት፣ የተገኘ ቁልፍ፣ በኳስ የተሸነፈ ክፍል፣ ሁሉንም በድምፅ ማጉያ የምታውጀው እሷ ናት። የተሸነፈውን ክፍል ትንሽ ሳታበሽቅ አታልፍም።

«ቲቸር፣» አለች፣ «የሕፃናቱ መድኃኒት ግን የምር መጥቷል?»

«ሐሳቡን የላኩልኝ ከሆስፒታሉ ናቸው፤ እኔ አማርኛውን ነው ያሳመርኩት። ካልመጣማ ምን ብለው ይጽፉታል?» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አንቺን የመረጥኩሽ ድምፅሽ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። የደረሰብሽን ስለማውቅ ነው። አንቺ ስታነቢው ሰው ያዳምጣል።»

ከዚያ ከኋላ ወደተደረደሩት ሠላሳ ተማሪዎች ዞረ። አርብ ጠዋት ሁሉም ዩኒፎርማቸውን አጥበውና ተኩሰው ሆስፒታሉ ግቢ ይገኛሉ። የሕፃናት ካንሰር ክፍሉ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ መጫወቻ ክፍል ተጨምሮለት ሊመረቅ ነው። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ።

«እናንተ ‹አልቋል› ስትል ታጨበጭባላችሁ። እዚያ ላይ ብቻ! ባለፈው የኅሊና ጸሎት መሃል ላይ ያጨበጨበ ሰው አለ፤ ስም አልጠራም።»

ሠላሳውም ዞሮ ቀጮን አየ። ቀጮ የራዲዮ የልብ ጓደኛ ናት፤ ከመዳፎቿ በስተቀር ሁሉ ነገሯ ቀጭን ነው።

«ምን ታፈጣላችሁ? ያለቀ መስሎኝ ነው!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ራዲዮም ሳቀች። «አልቋል» የምትለዋን ቃል ግን እሷ ከማንም በላይ ታውቃታለች።

ታናሽ ወንድሟ ሰባት ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ እግሩን ሲያመው «ከኳስ ነው» ተባለ። ድዱ ሲደማ «ጥርሱን ሊቀይር ነው» ተባለ። ፊቱ እንደ ወረቀት ሲነጣ ግን ምክንያት የሚፈጥርለት ሰው ጠፋ። የደም ካንሰር ነበር። ጎረቤቱ «ያ በሽታ» እያለ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፤ ስሙን ከጠሩት በር አንኳኩቶ የሚገባ ይመስል። ሐኪሙ ግን ስሙንም ጠራው፣ የሚድን ዓይነት እንደሆነም ተናገረ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደው የዳኑ ልጆች ብዙ ናቸው አለ። ሳያቋርጡ። ይቺን ቃል ሁለቴ ነው ያላት።

የሕፃናቱ ክፍል ስምንት አልጋ አለው። ዋናዋን ነርስ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ወፍራም ናት፤ ስትራመድ ጫማዋ ይንጫጫል፤ ልጆቹ ጫማዋን ሲሰሙ የተኙ ያስመስላሉ። ሲስተርም ሆነች ሌሎቹ ነርሶች አንድ ልማድ ነበራቸው። መርፌው ገና ቆዳ ሳይነካ «አለቀ፣ አለቀ፣ አለቀ!» ይላሉ። ለማባበል ነው። እናትም ትለዋለች፣ ሐኪምም ይለዋል። ውሸት ነው ብሎ የሚያስብ የለም፣ ከሚወጋው ልጅ በቀር።

ክፍሉ በገባ በሦስተኛው ቀን ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውን የኳስ ፊሽካ ነፋ።

«አላለቀም! ገና ውስጤ ነው!» አለና ሲስተር ላይ ቢጫ ካርድ መዘዘባት። ካርዱን የሠራው ከባዶ የጓንት ሳጥን ነው፤ ቀዩን ደግሞ ከብስኩት ካርቶን። ሕጉንም እዚያው አልጋው ላይ ተቀምጦ አወጀ። «አለቀ» የሚባለው ሲያልቅ ብቻ ነው። ሳያልቅ «አለቀ» ያለ ቢጫ ያያል፤ ሁለት ቢጫ ያየ በቀይ ይወጣል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ዳኛው ሆነ። ትልቁ ሐኪም እንኳ አንድ ቀን ቀይ አይቶ ኮሪደሩ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆሟል፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ልክ እንደተቀጣ ተማሪ። ሲስተር መርፌ ይዛ ስትመጣም ዜማዋ ተቀየረ። «አላለቀም… አላለቀም… ትንሽ ቀረ… አሁን አለቀ።» የሚገርመው ልጆቹ ማልቀስ ቀነሱ። እናቱ ልብስ ሰፊ ስለሆነች በፒጃማው ደረት ላይ የዳኛ ኪስ ሰፋችለት፤ ካርዶቹ የሚገቡበት፣ ቁልፍ ያለው።

አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ነበረች። መድኃኒቱ ፊቷን ስለነፋው ጉንጮ ብሎ የሰየማት ራሱ ነው። «አንቺ የመስመር ዳኛ ነሽ፣» አላት። «ስታዪ ትነግሪኛለሽ። እኔን ሲወጉኝ ዓይኔን ስለምጨፍን አላይም።»

ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ወፍራም መስታወት ነው። ከታች ወረቀት የሚያልፍባት ቀዳዳ አለችው እንጂ ድምፅ አያሳልፍም፤ የባለሙያው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው የሚታየው። ራዲዮና እናቷ ግን አፉን ማንበብ ለመዱ። አል። ቋል። አንድ ሰኞ፣ ሁለት ሰኞ፣ ሰባት ሰኞ። ውጭ ያሉት መድኃኒት ቤቶችም የላቸውም። አባቷ ረጅም መንገድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በየደረሰበት ከተማ መኪናውን እያቆመ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈባትን ወረቀት በየመስኮቱ ሲያሳይ፣ ወረቀቷ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ተቀደደች። ራዲዮ በድምፅ ማጉያዋ የጠፋ እስክሪብቶ ታስገኛለች። ይሄንን ግን ለማን ታውጀው?

በስምንተኛው ሳምንት፣ በመድኃኒቱ ጠፍቶ የነበረው በሽታ ተመለሰ። ያኔ መድኃኒቱ ቢገኝም ብዙ እንደማይረዳ ሐኪሙ ለእናቷ ነገራት። ኮሪደሩ ላይ፣ ወለሉን እያየ።

አንድ ከሰዓት ራዲዮ ከመስኮቱ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳኛው ዓይኑን ገለጠ።

«መጣ?»

ምን ትበለው? አፏ እንደሆነ ለወሬ አይሰንፍም። «መጥቷል፣» አለችው። «ነገ ይጀመርልሃል።»

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ካርድ ሊመዝባት ግን አልነበረም። ካርዶቹንና ፊሽካውን አውጥቶ ለጉንጮ አቀበላት። «ነገ መድኃኒቴ ሲጀመር ይደክመኛል። እስኪሻለኝ አንቺ ዳኚ።» ከዚያ ወደ አልጋው ለመጣ ሰው ሁሉ «መድኃኒቴ መጣ» ሲል ዋለ። ሲስተር ሰማችው። ራዲዮን አየቻትና አንሶላውን አስተካክላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። እስከ መጨረሻው ድረስ አምኗታል። አራት ወር አልፎ ዛሬም ሆዷን የሚበላት ይሄው ነው። ቢጫ ቢያሳያት ይሻላት ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። ዳኛው ከሄደ ወዲህ ንግግሯ አጥሯል፤ ቤት ውስጥ ብዙ የሚያወራው መኪናው ነው።

«ነገ የምታነቢው ምንድነው? እስቲ አሰሚኝ።»

ራዲዮ አነበበችላት። «እጥረቱ አልቋል» ላይ ስትደርስ መኪናው ቀጥ አለ።

«መጣ እንዴ?» አለች እናቷ።

«ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው፣ እማ።»

እናቷ ጨርቁን በመዳፏ ደጋግማ ለጠጠችው። ተለጥጦ ካበቃም በኋላ እጇን አላነሳችም። «ከመጣ ጥሩ ነው፣» አለች ቆይታ። «ለሌላው ልጅ ይድረስ።» ከዚያ ደግሞ ለራሷ የምታወራ ያህል፣ «አራት ወር። አራት ወር ቢቀድም ምናለበት?»

«ነገ አብረን እንሂድ?»

«ያንን በር ሁለተኛ አልረግጠውም። አንቺ ሂጂ። እውነት ከሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

መኪናው እንደገና ተንቀሳቀሰ። እናቷ የሰፋችውን ጠርዝ መልሳ እየሰፋችው ነበር።

አርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ግቢው ተጠርጓል። ድንኳን ተተክሏል፤ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከመድረኩ ጎን ደግሞ በቀይ ሪባን የታሰሩ ካርቶኖች እንደ ግንብ ተቆልለዋል። የምር መጣ ማለት ነው? እግሯ ግን ሳታዘው በለመደው መንገድ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

የጉንጮ እናት መስታወቱ ጋ ቆማለች። ከመስታወቱ ጀርባ ባለሙያው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ራዲዮ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ አነበበችው።

«ስንተኛ ሳምንታችሁ ነው?» አለቻት።

«መሃል ላይ ትንሽ መጥቶ ነበር፤ እንደገና ከጠፋ ይሄ አምስተኛችን ነው፣» አለች ሴትየዋ፣ ወረቀቷን እያጠፈች። ወረቀቷ እጥፋቱ ላይ መሳሳት ጀምራለች። «ዛሬ እንግዳ ስላለ ምናልባት ብዬ እኮ ነው።»

ራዲዮ ሮጠች። ሲስተርን ያገኘቻት አዲሱ መጫወቻ ክፍል በር ላይ፣ ያልደረቀው ቀለም ጋውኗን እንዳይነካባት ሰውነቷን ሰብስባ ቆማ ነው።

«ሲስተር፣ ካርቶኖቹ ውስጥ ምንድነው ያለው?»

«ጓንት። ፋሻ። አንሶላ።» ሲስተር በረጅሙ ተነፈሰች። «አይናቅም፣ ያስፈልገናል። እሱ ግን የለበትም።»

«ወረቀቱ ላይ እኮ ‹እጥረቱ አልቋል› ይላል!»

«ሰማሁ። እኛ ከክፍሉ ለአስተዳደሩ የላክነው ደብዳቤ ‹የሕፃናቱን መድኃኒት በተመለከተ፦ አልቋል› የሚል ነበር። ከቢሮ ቢሮ ሲሻገር አንዱ ጉዳዩ አልቋል ብሎ አነበበው መሰለኝ። ይስተካከል ብለን ደግመን ጻፍን። ያም ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ እየተሻገረ ነው።»

ራዲዮ መሳቅም ማልቀስም አማራት። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«እኔ ተናግሬ የሰማኝ የለም፣ የኔ ልጅ። አንቺን ይሰሙሽ ይሆናል። ላይሰሙሽም ይችላሉ። ዋሽቼ ተስፋ አልሰጥሽም።» ጫማዋ እየተንጫጫ ወደ ልጆቹ ገባች።

ቲቸርን ያገኘችው ተማሪዎቹን በቁመት ሲደረድር ነው። እጅጌውን ያዘችው።

«ቲቸር፣ አልመጣም! ካርቶኑ ጓንት ነው። መስኮቱ ጋ ሄጄ አይቻለሁ።»

«ምን?» ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ መድረኩ አየ፣ ወደ ወረቀቱ አየ። እንግዶቹ እየተቀመጡ ነው። «አሁን? ሰዎቹ ገቡ እኮ! በጽሑፍ የመጣልኝን በምን አፌ… ስሚ፣ ዛሬን እንደተጻፈው አንብቢውና ሰኞ እኔ ራሴ አጣራለሁ። ቃሌ ነው።»

ሰኞ። ራዲዮ ሰኞን ታውቀዋለች።

ስሟ ሲጠራ ወጣች። ማይኩ ጢጥ አለ። ከፊት ረድፍ መሃል ላይ ትልቁ እንግዳ ተቀምጧል፤ ጎኑ ያለው ሰውዬ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ይነግረዋል። ከኋላ ሠላሳዎቹ ተማሪዎች፣ ከእነሱ ፊት ቀጮ፣ መዳፎቿን አዘጋጅታ። ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ባለሙያ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ጭብጨባ ሲሰማ ሙዚቃ ልቀቅ ተብሏል። በስተቀኝ፣ የክፍሉ በር ላይ ሲስተር። አጠገቧ የጉንጮ እናት።

ራዲዮ ማንበብ ጀመረች። ስለ ክፍሉ አዲስ ቀለም አነበበች። ስለ እንግዶቹ ደግነት አነበበች። «ታናሽ ወንድሜ በዚህ ክፍል ታክሟል» የሚለውን ስታነብ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠና ከፊት ያሉ አንዲት ሴትዮ መሐረብ አወጡ። እዚያ ድረስ ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች። ፊደሎቹ ጥቁርና ትልልቅ ናቸው፤ ቲቸር ከሥሯ በቀይ አስምሮባታል።

አልጋ ላይ «መጣ?» ያላት ፊት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። እናቷ ትዝ አለቻት። እውነት ከሆነ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

«ዛሬ ጮክ ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ፣» አለች። «መድኃኒቱ አልቋል።»

ቆም አለች።

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

መጀመሪያ ቀጮ፣ ከዚያ ሠላሳዎቹ፣ ከዚያ ነጩ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ። መሐረብ የያዙት ሴትዮም አጨበጨቡ። ትልቁ እንግዳ ጆሮው ላይ ይነግረው የነበረውን ሰውዬ ትቶ፣ ፈገግ ብሎ አጨበጨበ።

«አይ፣» አለች ራዲዮ። «አታጨብጭቡ! መድኃኒቱ ነው ያልኩት! ያለቀው መድኃ…»

ሙዚቃው ተለቀቀ። ማይኩ ጠፋ። አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ልክ ከመስታወት ጀርባ እንዳለ ሰው።

ትልቁ እንግዳ ወደ መድረኩ መጥቶ እጇን ጨበጣት። እጁ ለስላሳና ሞቃት ነው። «ጎበዝ! ጋዜጠኛ ነው የምትሆኚው!»

እጁን አልለቀቀችውም። «መድኃኒቱ አልቋል ነው ያልኩት!» ብላ ጆሮው ላይ ጮኸች።

«አዎ፣ አዎ!» ብሎ በሙዚቃው ላይ ጮኸላት፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «አልቋል! ተመስገን!»

ከመድረኩ ስትወርድ ቀጮ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምንድነው ያልሽው? ‹መድኃኒቱ› ነው ያልሽው እንዴ?»

«እሱን ነው ያልኩት።»

«እኔ እኮ ‹አልቋል› ስሰማ… እጄ ነው ያጨበጨበው! የምሬን ነው፣ እኔ አልሰማሁም!» መዳፎቿን ከጀርባዋ ደበቀቻቸው፣ የሆነ ነገር የሰረቁ ይመስል። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ራዲዮ ብትናደድባት ደስ ባላት። ግን በማን ትናደድ? በሠላሳ ተማሪ? በሙዚቃው ባለሙያ? ሁሉም የተባለውን ነው ያደረገው።

ቲቸር መጥቶ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። አራት ቦታ አጠፈው። «አንዲት ቃል አሳስተሽ አነበብሽ፣» አለ ቀስ ብሎ። የምታመልጥበትን በር እየከፈተላት እንደሆነ ገብቷታል።

«አልተሳሳትኩም፣ ቲቸር።»

የታጠፈውን ወረቀት ኪሱ ከተተው። «እንግዲያው ለጊዜው ማይኩን ሌላ ልጅ ይያዘው፣» አለ በመጨረሻ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ የደከመው ይመስል ነበር። «ርዕሰ መምህሩ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ሰኞ አጣራለሁ ያልኩሽን ግን አልረሳሁም።»

ራዲዮ ራሷን ነቀነቀች።

ወደ ክፍሉ ገባች። ያንን በር ከአራት ወር በኋላ ስትረግጠው የመጀመሪያዋ ነው። የዳኛው አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል፤ ጭንቅላቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ጉንጮ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊሽካው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ። ጉንጭ የሚባል ነገር አልቀረላትም። መድኃኒቱ የነፋው ፊት ከመድኃኒቱ ጋር ጎድሏል። ስሟ ብቻ እንደ ሰፊ ልብስ ላይዋ ላይ ቀርቷል።

«ራዲዮ!» አለች፣ ዓይኗ በርቶ። «ጭብጨባ ሰማሁ። መድኃኒቴ መጣ?»

እየጠየቀች አንድ እጇን ትራሷ ሥር ሰደደች። ራዲዮ እዚያ ሥር ምን እንዳለ ታውቃለች። አንደኛው ከጓንት ሳጥን የተቆረጠ ነው፣ ሌላኛው ከብስኩት ካርቶን።

«መጥ…» ቃሏ እንደ ድሮዋ ተዘጋጅታ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆማለች። ቀላል ናት። ታስደስታለች። የልጅቷ ፊት ከአሁኑ መሳቅ ጀምሯል።

ራዲዮ ቃሏን ዋጠቻት።

«አልመጣም፣ ጉንጮ። አልቋል።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ወረደ። ራዲዮ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ማየት አለባት። ትንሿ እጅ ከትራሱ ሥር ወጣች። ባዶዋን ነች።

«ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?»

«ተሳስተው ነው።»

ጉንጮ አሰበችበት። «ቢጫ ልስጣቸው?»

«ብዙ ናቸው። ካርድ አይበቃሽም።»

«እሺ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ነግሬያቸው ነበር። አልሰሙኝም።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ያኔ እንደተቀመጠችው። «ሰኞ ከእናትሽ ጋር መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ከዚያ እጄን የጨበጠኝ ትልቁ እንግዳ የሚሠራበት ድረስ ሄጄ፣ ሙዚቃ በሌለበት እነግረዋለሁ።»

«እምቢ ካለስ?»

«አላውቅም፣» አለች ራዲዮ። እውነቷን ነው፣ አታውቅም። ዛሬ ቤት ስትገባ ለእናቷ ምን እንደምትል ግን ታውቃለች፤ መኪናው ቀጥ ማለቱ እንደማይቀር ጭምር።

የሲስተር ጫማ ኮሪደሩ ላይ ተንጫጨ። ጉንጮ የተኛች ለማስመሰል ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ዳኛ መሆኗ ትዝ ሲላት ገለጠችው። የደም ምርመራ ነው። ሲስተር ክንዷ ላይ ላስቲኩን አሰረች፣ በጥጥ ጠረገች። ጉንጮ በአንድ እጇ ፊሽካውን አፏ ላይ አደረገች፤ ሌላውን ራዲዮ ያዘችላት።

መርፌው ገባ። ትንሿ እጅ የራዲዮን ጣቶች ጭምቅ አደረገቻቸው። ከውጭ ማን ምን ብሎ እንደሆነ እንጃ፣ ጭብጨባው እንደገና ተነሳ።

«አላለቀም፣» አለች ሲስተር፣ ቀና ሳትል።

«አላለቀም፣» አለች ራዲዮ፣ እጇን ሳትለቅ።